ጥርስ እንደ አድራሻ፦ በታች መንጋጋ ውስጥ የተደበቀውን ነገር ሀኪም እንዴት ያገኘዋል?

የታች መንጋጋ ጥርስ ልታስነቅሉ ወይ ልታስሞሉ ሄዳችሁ የምታውቁ ሰዎች ማደንዘዣው የተወጋችሁ የሚያማችሁ ጥርስ አጠገብ ሳይሆን በጣም ወደ ኋላ፣ አፍ እስከ ጥግ ተከፍቶ እንደሆነ ታስታውሳላችሁ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ የታች ከንፈራችሁ ግማሹ ይደነዝዛል፣ መርፌው አጠገቡ እንኳን ያልደረሰ ከንፈር። ብዙ ሰው እዚህ ጋ "ዶክተሩ ቦታ ሳተ እንዴ?" ብሎ ይጨነቃል፣ ግን ሳይጠይቅ ይሄዳል። አልሳተም። እንደውም ሳተ የሚባለው ከንፈሩ ሳይደነዝዝ ሲቀር ነው። ለምን እንደዛ እንደሆነ ላስረዳችሁ፣ ምክንያቱም ነገሩ ከአንድ መርፌ ይሰፋል፦ በታች መንጋጋ አጥንት ውስጥ የተደበቀ ነገር በሙሉ ማለት ይቻላል የሚፈለገው ጥርስን ምልክት አድርጎ ነው፣ ምልክቱ ግን ልጅ ላይ፣ ጎልማሳ ላይ፣ ጥርሱ ያለቀ ሰው ላይ እኩል አይነበብም። ይሄን ሁለተኛውን ነገር ነው ሰው የሚረሳው፣ የህክምና ተማሪም ጭምር።

መጀመሪያ ግን ለምን ጥርስ? እስቲ የታች መንጋጋችሁን በጣታችሁ ዳስሱት። ከአገጫችሁ ተነስታችሁ በታችኛው ጠርዝ ወደ ኋላ ስትሄዱ ከጆሯችሁ ዝቅ ብሎ አንድ ማዕዘን ታገኛላችሁ፣ እዛ ጋ አጥንቱ ታጥፎ ወደ ላይ፣ ወደ ጆሮ ፊት ይወጣል። ጥርስ የተተከለው አግድም የሚሄደው ክፍል ላይ ነው፣ ቀጥ ብሎ የሚወጣው ክንፍ ደግሞ ጥርስ የለውም፣ ትልልቆቹ የማኘኪያ ጡንቻዎች ናቸው የያዙት። ታዲያ በዚህ ሁሉ መንገድ ላይ ምን አገኛችሁ? በጡንቻና በቆዳ የተሸፈነ፣ እዚህ ጋ ነው እዛ ጋ ነው ለማለት የሚያስቸግር ልሙጥ አጥንት። ነርቩ አይታይም፣ የደም ስሩ አይታይም፣ ነርቭ የሚገባበትና የሚወጣበት ቀዳዳ አይታይም። ከአጥንቱ ውስጥ ወጥቶ በዓይን የሚታየው ጥርስ ብቻ ነው፣ ያውም በቅደም ተከተል ተደርድሮ፣ እያንዳንዱ የራሱ መልክ ኖሮት። አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ስናመላክት የመንገድ ስም ትተን "ከቤተክርስቲያኑ ወደ ውስጥ ስትገባ ሁለተኛው ቅያስ" እንደምንለው ሀኪሙም "ከሁለተኛው ቅድመ መንጋጋ ሥር በታች" ይላል፣ ሰሚውም ይገባዋል።

አቆጣጠሩን እንያዝ፣ ከዚህ በኋላ ብዙ ጊዜ እጠራዋለሁ። የታች የፊት ጥርሶቻችሁ መሀል ለመሀል ከሚገናኙበት ጀምራችሁ ወደ አንድ ጎን ቁጠሩ፦ 1ኛና 2ኛው የፊት ጥርሶች፣ 3ኛው ክራንቻ፣ 4ኛና 5ኛው ቅድመ መንጋጋ፣ 6ኛ፣ 7ኛና 8ኛው መንጋጋ ጥርስ። በአንድ ጎን 8፣ በታች በጠቅላላው 16። 8ኛው ብዙ ሰው ዊዝደም ቱዝ የሚለው ነው፣ አንዳንዱ ሰው ላይ ጭራሽ አይፈጠርም፣ አንዳንዱ ላይ አጥንት ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል፣ ስለዚህ ከኋላ ወደ ፊት መቁጠር ያሳስታል፣ ሁሌም ከመሀል ነው የሚጀመረው።

6ኛው ላይ ትንሽ ልቁም፣ ምክንያቱም ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነኝ እሱ ነው። በ6 ዓመት ገደማ ይበቅላል፣ የሚበቅለው ግን ከወተት ጥርሶቹ ሁሉ ኋላ ባዶ በነበረ ቦታ ላይ ነው፣ ማለትም ምንም ጥርስ ሳይወልቅ ነው ብቅ የሚለው። እና ወላጅ የወተት ጥርስ ይመስለዋል፣ ቢቦረቦርም "ይወልቅ የለ" ብሎ ይተወዋል፣ ልጁ 10 ዓመት ሳይሞላው ዕድሜ ልኩን ሊጠቀምበት የነበረው ትልቁ መንጋጋ ጥርስ ይነቀላል። ከዛ በ12 ዓመት ገደማ 7ኛው ሲመጣ ፊቱ ክፍት ስለሆነ ወደ ፊት ያጋድላል፣ አንዳንዴም የ6ኛውን ቦታ ሞልቶ ይይዛል። ከዓመታት በኋላ ያንን አፍ የሚያይ ባለሙያ ጠጋ ብሎ ካላየ 7ኛውን 6ኛ ነው ብሎ ይቆጥራል፣ ምልክቱ ሁሉ በአንድ ቤት ይዛነፋል ማለት ነው።

አሁን ወደ ነርቩ። ኢንፊሪየር አልቪዮላር የሚባለው ነርቭ ከራስ ቅል ስር ወርዶ ቀጥ ብሎ በቆመው የመንጋጋ ክንፍ ውስጠኛ ገጽ ላይ ባለ ቀዳዳ ይገባል። ከዛ በአጥንቱ ውስጥ በተሰራለት ቦይ ከመንጋጋ ጥርሶቹ ሥር በታች ወደ ፊት ይሄዳል፣ እየሄደም ለየጥርሱ ቅርንጫፍ ይሰጣል። ኋላ 8ኛና 7ኛው ጋ ወደ ምላስ በኩል ተጠግቶ ነው የሚሄደው፣ ወደ ፊት ሲመጣ ግን ወደ ጉንጭ በኩል ያልፋል፣ ቅድመ መንጋጋዎቹ ጋ ሲደርስ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ አጥንቱ ውስጥ ቀጥሎ ለክራንቻና ለፊት ጥርሶች ይደርሳል፣ ሌላው ሜንታል ፎራሜን በሚባል ቀዳዳ ወደ ውጪ ወጥቶ የታች ከንፈርንና የአገጭን ቆዳ ያዳርሳል። ከንፈራችሁ ለምን እንደሚደነዝዝ አሁን ገባችሁ አይደል? ያው አንዱ ነርቭ ነው፣ ገና ከመግቢያው ስለተያዘ ጥርሱም ከንፈሩም አብረው ዝም ይላሉ።

ይሄ ሜንታል ፎራሜን ነው የጥርስ አድራሻ ዋና ምሳሌ። ጥርሱ ሙሉ የሆነ ጎልማሳ ላይ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከ5ኛው ጥርስ ሥር በታች ወይም በ4ኛውና በ5ኛው መሀል ነው፣ ቁመቱ ደግሞ በድዱና በአጥንቱ የታች ጠርዝ መሀል ገደማ። ሰው ሁሉ ላይ አንድ አይደለም፣ አፍሪካውያን ላይ በተሰሩ ብዙ ጥናቶች ቀጥታ ከ5ኛው ስር መሆኑ ይበዛል፣ አውሮፓውያን ላይ ደግሞ በሁለቱ መሀል መሆኑ የተለመደ ነው፣ ስለዚህ የውጪ መጽሐፍ ላይ ያለውን ስዕል ብቻ ሸምድዶ የመጣ ተማሪ እኛ ሰው ላይ ትንሽ ወደ ኋላ ብሎ መፈለግ ሊኖርበት ይችላል። እዛው ቦታ ላይ ከውጪ ጣታችሁን አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ብትጫኑ አንዳንዶቻችሁ ነዘር የሚል ስሜት ወደ ከንፈር ሲሄድ ይሰማችኋል።

ቀዳዳው ኤክስሬይ ላይ የሚሰራው ነገር ደግሞ አለ። ፊልሙ ላይ ጠቆር ያለ ክብ ሆኖ ነው የሚታየው፣ አንዳንዴ ልክ 5ኛው ጥርስ ሥር ጫፍ ላይ ያርፋል። ሥር ጫፍ ላይ ያለ ጥቁር ክብ ደግሞ የመግል ምልክትም ነው! እና ጤነኛ ጥርስ "ሥሩ መርቅዟል" ሊባል ይችላል። እንዴት ነው የሚለየው፦ የኤክስሬዩን አቅጣጫ ቀየር አድርጎ ደግሞ ማንሳት፣ ቀዳዳ ከሆነ ጥቁሩ ነገር ከሥሩ ጫፍ ላይ ተነስቶ ወደ ጎን ይሸሻል፣ መግል ከሆነ ግን ሥሩን አይለቅም። ጥርሱንም በቀዝቃዛ ነገር ነካ አድርጎ መሞከር ይቻላል፣ ውስጡ ያለው ነርቭ ህይወት ካለው ቅዝቃዜው ይሰማዋል። ታካሚ ሆናችሁ "5ኛው ጥርስ ስር ጥቁር ነገር አለ፣ ሥሩ ይታከም" ከተባላችሁና ጥርሱም አሟችሁ የማያውቅ ከሆነ "በቅዝቃዜ ተሞክሯል ወይ?" ብሎ መጠየቅ ተገቢ ጥያቄ ነው፣ ማንም ሀኪም ሊቀየም አይገባም።

ወደ መርፌው ልመለስ፣ ጠጋ ብለን እንየው። ሀኪሙ አፋችሁን በደንብ ያስከፍታችኋል። አውራ ጣቱን ከኋለኛው መንጋጋ ጥርስ ኋላ ወደ ላይ አንሸራትቶ የአጥንቱን የፊት ጠርዝ ይዳስሳል፣ ጠርዙ ወደ ውስጥ የጎደጎደበት ቦታ ላይ ጣቱ ያርፋል። አፍ ሲከፈት ከላይ መንጋጋ ኋላ ወደ ታች መንጋጋ ኋላ የሚወጠር አንድ እጥፋት አለ፣ መርፌው የሚገባው በጣቱና በዚያ እጥፋት መሀል ነው። ከፍታውን የሚነግረው ግን ጥርስ ነው፦ ከታች መንጋጋ ጥርሶች የማኘኪያ ገጽ ከ6 እስከ 10 ሚሊሜትር ከፍ ብሎ። አቅጣጫውንም የሚነግረው ጥርስ ነው፦ የሲሪንጁ አካል በተቃራኒው ጎን ቅድመ መንጋጋዎች ላይ ያርፋል፣ ማለትም የቀኝ ጎን እንዲደነዝዝ ሲሪንጁ ከግራ 4ኛና 5ኛው በላይ ነው የሚመጣው። መርፌው ከ20 እስከ 25 ሚሊሜትር ገደማ ገብቶ አጥንት ሲነካ ትንሽ ይመለሳል፣ ወደ ኋላ ተስቦ ደም አለመግባቱ ይታያል፣ ከዛ መድሃኒቱ በዝግታ ይለቀቃል። ዝቅ ካለ ነርቩ ከሚገባበት ቀዳዳ በታች ይወድቅና አይሰራም። ከዛ በኋላ የምትጠብቁት ጥቂት ደቂቃ ሀኪሙ ጊዜ ሲያባክን አይደለም፣ ከንፈሩ እስኪደነዝዝ ነው።

ይሄ አካሄድ ዕድሜ ጠገብ ነው። በ1880ዎቹ አጋማሽ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶችም እንደዛው ናቸው) ኒውዮርክ ውስጥ ዊልያም ሀልስተድ የሚባል ቀዶ ሀኪም ከባልደረባው ከሪቻርድ ሆል ጋር ሆኖ ይሄንኑ ነርቭ በኮኬይን አደንዝዞ አሳይቷል። መድሃኒቱ ተለውጧል፣ ኮኬይን ቀርቷል፣ ቦታው ግን ያው ነው።

አሁን ልጅ ላይ ይሄንኑ እንሞክር። ለጎልማሳ ያልኩትን ከፍታ 5 ዓመት ልጅ ላይ ብትጠቀሙ መርፌው ከቦታው በላይ ያልፋል። ምክንያቱም ልጅ ላይ የመንጋጋው ክንፍ አጭር ነው፣ ነርቩ የሚገባበት ቀዳዳ ከጥርሶቹ የማኘኪያ ገጽ ጋር እኩል ወይም ከሱ ዝቅ ብሎ ነው ያለው። ልጁ ሲያድግ ክንፉ እየረዘመ ቀዳዳው ከጥርሱ አንጻር ከፍ እያለ ይሄዳል። ሜንታል ፎራሜንም እንደዛው ነው፣ ህጻን ላይ ወደ ፊት ቀረብ ብሎ ከመጀመሪያው የወተት መንጋጋ አካባቢ ነው፣ ወደ ኋላ ወደ 5ኛው ጥርስ የሚመጣው በኋላ ነው። የልጅ አጥንት በአንዴ በሁሉም በኩል እኩል አይለጠጥም፣ የክንፉ የፊት ጠርዝ እየተበላ የኋላ ጠርዙ ላይ አዲስ አጥንት እየተጨመረ ነው የሚያድገው፣ ለ6ኛው፣ ለ7ኛው፣ ከዛ ለ8ኛው ቦታ የሚከፈተውም እንደዛ ነው፣ በቂ ካልተከፈተ 8ኛው ተጣሞ ይቀበራል። ስለዚህ ልጅን የሚያክም ሰው ሁለት ነገር አብሮ መያዝ አለበት፣ የትኛው ጥርስ እንዳለና ልጁ ስንት ዓመቱ እንደሆነ። አንዱ ብቻውን አይበቃም።

ሌላኛው ጫፍ ላይ ደግሞ ጥርሳቸው ያለቀ እናት አባቶቻችን አሉ። ጥርስ ሲነቀል ጥርሱን ይዞ የነበረው የአጥንት ክፍል ስራ ይፈታል፣ ሰውነት ቀስ በቀስ ይመጠዋል፣ በተለይ በመጀመሪያው ዓመት ብዙ ይቀንሳል። የሚቀንሰው ከላይ ስለሆነ አጥንቱ እየሳሳ ሲሄድ ከድዱ ራቅ ብሎ የነበረው ሜንታል ፎራሜን ወደ ላይኛው ጠርዝ ይቀርባል፣ አንዳንዱ ሰው ላይ ጭራሽ ከድዱ ስር ቁጭ ይላል። ቀዳዳው ቦታውን አልለቀቀም፣ ላዩ ላይ የነበረው አጥንት ነው ያለቀው። እንግዲህ እዛ ላይ አርቴፊሻል ጥርስ ሲቀመጥ እያንዳንዱ ጉርሻ ነርቩን ይጫነዋል። "ጥርሱን ሳደርገው አገጬን ይነዝረኛል፣ ከንፈሬን ያቃጥለኛል" የሚሉ አዛውንት ሰምታችሁ ከሆነ እያጋነኑ አይደለም፣ "ይለመዳል" ተብለው ሊሸኙም አይገባም፣ ያ ቦታ ላይ ጥርሱ ውስጡ ተፍቆ እንዲፈታ ማድረግ ይቻላል። እማማ ወይ አባባ ጥርሱን መሳቢያ ውስጥ ካስቀመጡት እባካችሁ ይዛችኋቸው ተመለሱ።

ኢምፕላንት ላይም ይሄው ነው። ጥርስ በሌለበት ቦታ ብሎን ሲተከል ከነርቩ ቦይ በላይ ቢያንስ 2 ሚሊሜትር ያህል ይተዋል የሚባለው የተለመደ መመሪያ ነው፣ ቅድመ መንጋጋ አካባቢ ደግሞ ነርቩ ከቀዳዳው ከመውጣቱ በፊት ትንሽ ወደ ፊት አልፎ ተጠምዝዞ የሚመለስበት ሰው አለ። ጥርስ ያለበት አፍ ላይ በግምት የሚሰራውን እዚህ በግምት መስራት አይቻልም፣ ሲቲ ስካን የሚጠየቀው ለዚህ ነው፣ ገንዘብ ለማስወጣት አይደለም።

8ኛውን ጥርስ ስትነቀሉ ስለ ከንፈር መደንዘዝ ወረቀት የሚያስፈርሟችሁም በአድራሻው ምክንያት ነው። የታች 8ኛ ሥሮች ለነርቩ ቦይ በጣም ቅርብ ናቸው፣ አንዳንዴ ይነካኩታል። መንጋጋውን በሙሉ በአንድ ፊልም የሚያሳየው ፓኖራሚክ ኤክስሬይ ላይ ቦዩን ከላይና ከታች የሚያሳዩት ሁለት ነጭ መስመሮች ሥሩ ጋ ሲደርሱ ከተቋረጡ፣ ወይ ሥሩ እዛ ጋ ከጠቆረ፣ ወይ ቦዩ መንገዱን ከቀየረ ጥንቃቄ ይጨመራል። በምላስ በኩል ደግሞ ሌላ ነርቭ አለ፣ የምላስ ነርቭ፣ ከ8ኛው ጥርስ አጠገብ ከድዱ ስር ብዙም ሳይርቅ ነው የሚያልፈው፣ እሱ ከተጎዳ የምላስ ግማሹ ስሜትና ጣዕም ሊቀንስ ይችላል። ለዛ ነው የሚቆርጠው እጅ ከ8ኛው ኋላ ሲሄድ ወደ ጉንጭ በኩል እንጂ ወደ ምላስ በኩል የማይሄደው።

አሁን ሁላችሁም እንድታነቡት የምፈልገው ክፍል ላይ ደረስን፣ ምክንያቱም ህይወት ያጠፋል። በመንጋጋው ውስጠኛ ገጽ፣ ማለትም በምላስ በኩል፣ ከኋላ ከፍ ብሎ ጀምሮ ወደ ፊት እየወረደ የሚሄድ የአጥንት መስመር አለ። የአፍን ወለል የሚሰራው ጡንቻ የተያያዘው እሱ ላይ ነው። መስመሩ ገደድ ብሎ ስለሚሄድ የፊተኞቹ ጥርሶች ሥር ጫፍ ከመስመሩ በላይ ይቀራል፣ የ7ኛውና የ8ኛው ሥር ጫፍ ግን ከመስመሩ በታች ይወርዳል። ይሄ ደረቅ አናቶሚ ይመስላል፣ ግን መግል የቱ ጋ እንደሚሄድ የሚወስነው ይሄ ነው። የቅድመ መንጋጋ ወይ የ6ኛ ጥርስ መግል አጥንቱን ወደ ውስጥ በኩል ከበሳ ከጡንቻው በላይ፣ ምላስ ስር ይወጣል። የ7ኛና የ8ኛው ከሆነ ከጡንቻው በታች፣ ከመንጋጋ ስር ወደ አንገት በኩል ይገባል። ከዛ ሁለቱም ቦታ፣ በሁለቱም ጎን ሲያብጥ ሉድቪግ አንጃይና ይባላል፣ ቪልሄልም ፍሬድሪክ ፎን ሉድቪግ የሚባል ጀርመናዊ ሀኪም በ1836 የገለጸው በሽታ ነው። እብጠቱ ምላስን ወደ ላይና ወደ ኋላ ገፍቶ የአየር መተላለፊያውን ይዘጋል። አንቲባዮቲክ ከመምጣቱ በፊት አብዛኛውን ታማሚ ይገድል ነበር፣ ዛሬም የዘገየ ሰው ይሞትበታል።

ስለዚህ የታች የኋላ ጥርስ አሞት የሰነበተ ሰው አገጩ ስር ጠጠር ያለ እብጠት ካወጣ፣ ምላሱ ከፍ ካለበት፣ ምራቁን መዋጥ ካቃተው፣ አፉ አልከፈት ካለ፣ ድምጹ ከታፈነ፣ ከዛ ወዲያ ነገ አይባልም፣ የጥርስ ክሊኒክ ቀጠሮም አይጠበቅም፣ ማታም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ያለው ሆስፒታል ነው የሚኬደው። ፋርማሲ ገብቶ አሞክሳሲሊን ገዝቶ ቤት መተኛት እዚህ ደረጃ ላይ አይሰራም። ነጭ ሽንኩርትና ቅርንፉድ ጥርሱ ላይ ማድረግም መግሉን አያወጣውም።

አጥንት ሲሰበርም ጥርስ ነው የሚመራው። ባጃጅ ወይ ሞተር የገለበጠው ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው "ጥርስህ እንደ ድሮው ይገጥማል?" ተብሎ ነው። ሰው የራሱን አፍ አገጣጠም በጣም ስለሚያውቀው ኤክስሬይ ሳይነሳ "አይ፣ ተቀይሯል" ካለ መንጋጋው ተሰብሯል ብሎ መጠርጠር ነው። የጥርሱ ረድፍ በድንገት ከፍና ዝቅ ካለ ስብራቱ በሁለቱ ጥርስ መሀል አልፏል። ክራንቻ አካባቢ፣ 8ኛው ያለበት ማዕዘን፣ ከጆሮ ፊት ያለው ቀጭኑ አንገት፣ እነዚህ ቶሎ የሚሰበሩ ቦታዎች ናቸው፣ ተቀብሮ የቀረ 8ኛ ጥርስ ያለበት ማዕዘን ደግሞ አጥንቱን ጥርሱ ስለያዘው የባሰ ይደክማል። አገጩ ላይ የተመታ ሰው ደግሞ ከጆሮው ፊት ሊሰበር ስለሚችል አገጩን ብቻ አይቶ መልቀቅ አይገባም። ሲጠገንም የላይና የታች ጥርሶች እንደ ድሮው እንዲገጥሙ ተደርጎ በሽቦ ይታሰራል፣ ጥርሱ ልክ ከገጠመ የማይታየው አጥንት ስፍራውን ይዟል ማለት ነው። ጥርስ የሌላቸው ሰዎች ስብራት ከባድ የሚሆነው ለዚህ ነው፣ የሚመራ ነገር የለም።

የጥርስ አድራሻ በህክምና ብቻ አያበቃም፣ የሰውን ዘር ታሪክ የሚያጠኑትም በዚሁ ነው የሚሰሩት። በ2013 አፋር ሌዲ ገራሩ ላይ ቻላቸው ስዩም ያገኘው መንጋጋ የግራው ጎን ብቻ ነው፣ 5 ጥርስ ይዞ፣ ዕድሜው 2.8 ሚሊዮን ዓመት ገደማ፣ የሆሞ ወገን (እኛ የምንመደብበት ወገን) ነው ተብለው ከሚታወቁት ቅሪቶች ውስጥ ቀዳሚ ሆኖ በ2015 ታትሟል። እንዲህ ያለ ቁራጭ ከሌላ ቁራጭ ጋር እንዴት ይወዳደራል? የአጥንቱን ቁመትና ውፍረት አንድ አይነት ቦታ ላይ፣ ብዙ ጊዜ ከ6ኛው ጥርስ ስር በመለካት ነው፣ አለዚያ የአንዱን አገጭ ከሌላው ጉንጭ ጋር ማወዳደር ይሆናል። ያ ቅድም ያልናት ቀዳዳም እዚህ ትመጣለች፦ እኛ ላይ ከቅድመ መንጋጋ ስር ናት፣ ኒያንደርታሎች በሚባሉት የጠፉ የቅርብ ዘመዶቻችን ላይ ግን በአብዛኛው ወደ ኋላ ሄዳ ከ6ኛው ጥርስ ስር ነው የምትገኘው፣ ከ8ኛው ኋላም ክፍተት አላቸው። በዘረሰናይ ዓለምሰገድ የተመራው ቡድን በ2000 አፋር ዲኪካ ላይ ያገኛት ሰላም የተባለችው የህጻን ቅሪተ አካልም ስትሞት ስንት ዓመቷ እንደነበር የተገመተው ገና አጥንት ውስጥ ያልበቀሉ ጥርሶቿ በሲቲ ስካን ታይተው ነው።

አንድ ነገር ግን እኛው ቤት ውስጥ ያለ ነው፣ እና ቀላል አይደለም። ጨቅላ ልጅ ሲያስቀምጠው፣ ሲያተኩሰው፣ አልጠባ ሲል አፉ ይከፈትና ድዱ ላይ ነጣ ያለ እብጠት ይታያል፣ "ግግ ነው" ይባልና በስለት ይወጣል። የሚወጣው በሽታ አይደለም። ቦታውን ከቆጠራችሁት ከመሀል 3ኛው ነው፣ ክራንቻ ሊበቅል ያለበት፣ የወተቱ ክራንቻ ገና ሳይጠነክር ድዱን ሲገፋ የሚታይ እብጠት ነው። ከሱ ስር ደግሞ የቋሚው ክራንቻ ጅምር አለ፣ ስለቱ ጠልቆ ከገባ ሁለቱም ይጠፋሉ ወይ ቋሚው ተበላሽቶ ይበቅላል፣ ጎረቤቱ 2ኛ ጥርስም ይጎዳል። መድማቱ፣ ኢንፌክሽኑ፣ ቴታነሱ ሌላ ነው። ተቅማጡ ደግሞ ውሃውን ከልጁ ሰውነት እየወሰደ ይቀጥላል፣ መዳኛው ኦ አር ኤስና ጤና ጣቢያ ነው። እስራኤል ያሉ የጥርስ ሀኪሞች እዛ በሄዱ ኢትዮጵያውያን ልጆች ላይ በ1990ዎቹ ይሄንን አይተው ጽፈዋል። ከጥርሶቹ ረድፍ ክራንቻ የጎደለበት ሰው አፍ ሲቆጠር 4ኛው 3ኛ ይመስላል። በሙርሲና በሱሪ ለከንፈር ገሉ ተብሎ፣ በኑዌር ደግሞ በቆየ ልማድ የታች የፊት ጥርሶች የወጡባቸው ሰዎች ላይም የፊቱ አጥንት ስለሚሳሳ ሀኪሙ ከመሀል መቁጠር አይችልም፣ ከሚቀሩት ጥርሶች መልክ ነው የሚነሳው። ሀኪም ጋ ስትሄዱ በልጅነት የወጣ ወይ የተነቀለ ጥርስ ካለ ባትጠየቁም ተናገሩ።

የመጨረሻው ውጪ ላላችሁና ከውጪ ለምትመጡ ነው። እዚህና በአብዛኛው ዓለም የታች ግራ ጥርሶች ከ31 እስከ 38፣ የታች ቀኝ ከ41 እስከ 48 ነው የሚጻፉት፣ ሁለተኛው አሀዝ ያው ከመሀል የቆጠርነው ነው፣ ስለዚህ 46 ማለት የታች ቀኝ 6ኛ። አሜሪካ ውስጥ ግን ከ1 እስከ 32 ነው የሚቆጠረው፣ ያው ጥርስ እዛ 30 ይባላል። እና አሜሪካ 18 ቁጥር ማለት የታች ግራ 7ኛ ጥርስ ነው፣ በሌላው አቆጣጠር 18 የላይ ቀኝ 8ኛው ነው፣ ሁለቱ አይገናኙም። ከዋሽንግተን "18 ይነቀል" የሚል ወረቀት ይዛችሁ አዲስ አበባ ወይ ዱባይ የምትታከሙ ከሆነ ቁጥሩ ላይ ብቻ እንዳትተማመኑ፣ "የታች ግራ ሁለተኛ መንጋጋ ጥርስ" ተብሎ በቃል እንዲጻፍላችሁ ጠይቁ፣ ወንበሩ ላይ ስትቀመጡም ጥርሱን በጣታችሁ አሳዩ።